የማን ስም ይጻፍ? በሕክምና ምርምር ጽሑፍ የሕትመት ሥነ ምግባር መመሪያዎችን ስለ መቀበል

ባለፈው ክረምት በነቀምቴ ከተማ፣ ቡርቃ ጃቶ በሚገኝ የአንድ ባልደረባችን ቤት ስድስት ሆነን ተሰብስበን ነበር። ጉዳያችን የሁለት ዓመት ድካም ውጤት የሆነን አንድ የምርምር ጽሑፍ ለመጽሔት ከመላካችን በፊት ለመጨረሻ ጊዜ መመልከት ነበር። ጽሑፉ ከወሊድ በኋላ ስለሚከሰት የደም መፍሰስ የሚያወሳ ሲሆን መረጃው የተሰበሰበው ከእናቶች የሕክምና ካርድ ነው። ሰንጠረዦቹን ለመመርመር አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። ርዕሱን ለማስተካከል ዐሥር ደቂቃ በቃን። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ያከራከረን ከርዕሱ በታች ያለው አንድ መስመር፣ ማለትም የደራስያኑ ስም ዝርዝር ነበር።

በዝርዝሩ ላይ ዘጠኝ ስሞች ሰፍረዋል። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ ሰዎች ጽሑፉን አንብበውት አያውቁም፤ አንደኛው እንዲያውም ጥናቱ መካሄዱን የሰሙት ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። በአንጻሩ ለወራት ወደ ካርድ ክፍል እየተመላለሰች በመቶ የሚቆጠሩ ካርዶችን ያገላበጠችው አዋላጅ ነርስ ስሟ የለም። ይህች ሲስተር ካርድ ከመቁጠር አልፋ፣ በሌሊት ተራ የሚመዘገበው የደም መጠን በዓይን ግምት ብቻ የሚጻፍ መሆኑን ያስተዋለች፣ ስለዚህም የሌሊቱና የቀኑ መረጃ ተለይቶ እንዲተነተን ሐሳብ ያቀረበች ናት። የጽሑፋችን ዋነኛ ግኝት የተመሠረተው በዚህ አስተያየት ላይ ነበር።

የሕትመት ሥነ ምግባር መመሪያ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጽሑፍ በምንልክበት ጊዜ በጥድፊያ ምልክት የምናደርግበት ቅጽ ነው። መመሪያው ግን በቅጹ የሚጀምር አይደለም። የመጀመሪያው ካርድ ከመደርደሪያው ከመውረዱ በፊት ተመራማሪዎች እርስ በርሳቸውና ከሕሙማኖቻቸው ጋር የሚገቡት ውል ነው ማለት ይቻላል። ውሉ አስቀድሞ ካልተገባ ነገሩን በመጨረሻ የሚወስነው ይሉኝታ ይሆናል፤ ይሉኝታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያደላው ለባለ ሥልጣኑ ነው።

የመመሪያዎቹ አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1978 ጥቂት የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ተገናኝተው ወደ መጽሔቶቻቸው የሚላኩ ጽሑፎች አቀራረብ አንድ ወጥ እንዲሆን ተስማሙ። በቀጣዩ ዓመት ያወጡት ሰነድ ይበልጡን የሚመለከተው የዋቢ አጻጻፍንና የመሳሰለውን ቅርጽ ነበር። ስብስቡ ከጊዜ በኋላ የዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ የሚል ስያሜ ያዘ፤ ሰነዱም ከቅርጽ አልፎ ደራሲነትን፣ የጥቅም ግጭትንና የሕሙማንን ምስጢር ወደሚመለከቱ ጉዳዮች እየሰፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1997 በብሪታንያ የተቋቋመው የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ በበኩሉ አዘጋጆች ጥፋት ሲያጋጥማቸው ደረጃ በደረጃ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚያሳዩ መመሪያዎችን አዘጋጅቷል።

በአገራችንም የሕክምና ምርምር ጽሑፍ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር መጽሔት መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። የኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1984 ተከትሎታል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2012 አንሥቶ የራሱን የምርምር መጽሔት ከነቀምቴ ያወጣል። የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማን የሚመለከተው አገር አቀፍ መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2014 ለአምስተኛ ጊዜ ተሻሽሎ ወጥቷል።

ይሁን እንጂ አንድ ክፍተት አለ። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎቻችን በአብዛኛው የሚጠይቁት ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከተሰጠ በኋላ መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበ፣ በማን ስም እንደታተመ፣ ለታማሚው ምን እንደተነገረው ተመልሶ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ደብዳቤውን ይዞ የወጣው ተመራማሪ እስከ ሕትመት ያለውን ረጅም መንገድ የሚጓዘው ከገዛ ኅሊናው ጋር ብቻ ነው።

ደራሲ ማን ነው?

የዓለም አቀፉ አዘጋጆች ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት ነገሮች በአንድነት እንዲሟሉ ይጠይቃል። ሰውየው በጥናቱ ሐሳብ ወይም ንድፍ፣ አለዚያም መረጃውን በመሰብሰብ፣ በመተንተን ወይም በመተርጎም ረገድ ከፍ ያለ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ጽሑፉን በመጻፍ ወይም ቁም ነገሩን በሚነካ መልኩ በማረም መሳተፍ አለበት። የመጨረሻውን ቅጂ አንብቦ ማጽደቅ ይኖርበታል። አራተኛው እ.ኤ.አ. በ2013 የተጨመረ ሲሆን፣ ደራሲው ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ ለመሆንና ጥያቄ ሲነሣ እንዲጣራ ለማድረግ እንዲስማማ ያስገድዳል።

እነዚህን አራት ነጥቦች በቃል የሚያውቋቸው ብዙዎች ናቸው። እምብዛም የማይነበበው ከነጥቦቹ ቀጥሎ የሚመጣው ማሳሰቢያ ነው። መስፈርቶቹ የሚገባውን ሰው ለማስወጣት መሣሪያ መሆን እንደሌለባቸው፣ የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላ ሁሉ ጽሑፉን የማንበብ፣ የማረምና የማጽደቅ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ በግልጽ ይናገራል። እኛ ዘንድ የተለመደው ግን ተቃራኒው ነው። ነርሷ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ወይም ወጣቱ ጠቅላላ ሐኪም መረጃውን ከሰበሰበ በኋላ ረቂቁ አይደርሰውም። ረቂቁ ስላልደረሰው አላረመም፤ ስላላረመ ደራሲ አይደለም ይባላል። በር ዘግቶ ለምን አልገባህም እንደ ማለት ነው።

በሌላ በኩል የክፍል ኃላፊን ወይም የቀድሞ መምህርን ስም መጨመር በባህላችን እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ታላቅን ሰው ከፍ ባለው መቀመጫ ማስቀመጥ ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም። ችግሩ የምርምር ጽሑፍ የግብዣ አዳራሽ አለመሆኑ ነው። ከርዕስ በታች የሰፈረ ስም የሚገልጸው «ይህ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ልጠየቅ የምችለው እኔ ነኝ» የሚል ቃል እንጂ ክብርን አይደለም።

ይህን የምጽፈው ከጥፋቱ ነጻ ስለሆንኩ አይደለም። አዲስ ተመራቂ ሳለሁ አንድ ታላቅ ባልደረባዬ በቅንነት ስሜን ባልሠራሁት ጥናት ላይ አስገባልኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ከወራት በኋላ በአንድ ጉባኤ ላይ አንድ ሐኪም ቀርበው በጥናቱ የተጠቀሰው መድኃኒት መጠን በኪሎ ግራም የተሰላ መሆን አለመሆኑን ጠየቁኝ። አላወቅሁም። ሰውየው የጠየቁት ለክርክር ሳይሆን በማግስቱ ለሕፃናት ሊያዝዙት ስለነበረ ነው። ያን ዕለት የተሰማኝን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የስም ጉዳይ ለወለጋ አዲስ ነገር አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ማሳተማቸውና ኋላም በነቀምቴ ማስተማራቸው የታወቀ ነው። በሥራው ከጎናቸው የነበረችው አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ከሚወስዳት የባሪያ መርከብ ነጻ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የተማረች ናት። አስቴር ለትርጉሙ መሠረት የሆነውን መዝገበ ቃላት አዘጋጅታለች፤ ወደ 500 የሚደርሱ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ከቃል ሰብስባለች፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣው የንባብ መማሪያ ውስጥ ገብተዋል። እሷም እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምቴ አስተምራለች። በዘመናችን ያሉ ተመራማሪዎች ድርሻዋ የሚገባውን ያህል አልተነገረም ይላሉ። የዚያን ዘመን ልማድ በዛሬው መስፈርት መዳኘት ተገቢ አይደለም፤ ነገር ግን ቃላቱን ማን ሰበሰበ የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በኋላ ሲነሣ መልሱን ከርዕስ ገጽ ማግኘት እንደማይቻል ያሳያል።

ደራሲ የማይሆኑ ሰዎች ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም። ገንዘብ ያፈላለገ፣ ፈቃድ የሰጠ፣ ቋንቋ ያረመ፣ መረጃ ብቻ ያቀበለ ሰው በምስጋናው ክፍል ይጠቀሳል። ይህም ቢሆን በፈቃዱ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የተመሰገነ ሰው በድምዳሜው እንደተስማማ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ብዙ መጽሔቶች ዛሬ እያንዳንዱ ደራሲ ምን እንደሠራ በዝርዝር እንዲጻፍ ይጠይቃሉ። ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር ለምንሠራ ሰዎች ይህ ዝርዝር ይበልጥ ይጠቅማል። የሕሙማኑ ደም ከወለጋ ተቀድቶ ስሙ ሁሉ የባሕር ማዶ የሚሆንበት ጽሑፍ ዛሬ ተቃውሞ እየገጠመው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በኬፕታውን የተካሄደው የምርምር ሐቀኝነት ጉባኤም ዋነኛ ርዕሱ ያደረገው ይህንኑ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን የኮምፒዩተር መሣሪያ በተመለከተ ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2023 አቋሙን ግልጽ አድርጓል። መሣሪያው ተጠያቂ ሊሆን ስለማይችል ደራሲ አይባልም፤ የተጠቀመበት ሰው ግን መጠቀሙንና ለምን እንደተጠቀመበት መግለጽ አለበት። በእንግሊዝኛ መጻፍ ለሚከብደን ለእኛ መሣሪያው ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም የሌለ ዋቢ ፈጥሮ እንደሚያቀርብ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ የጠቀሰውን እያንዳንዱን ጽሑፍ ከፍቶ ማንበብ ግድ ነው።

ያልታየውን እንደታየ መጻፍ

እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2020 ላንሴት የተባለው ስመ ጥር መጽሔት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለኮቪድ-19 ሕሙማን አደገኛ ነው የሚል ጥናት አወጣ። ጥናቱ በስድስት አህጉራት ከሚገኙ 671 ሆስፒታሎች የተገኘ የ96,032 ሕሙማን መረጃ ይዣለሁ ይል ነበር። በቀናት ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት በመድኃኒቱ ላይ ያካሂድ የነበረውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። ብዙ ተመራማሪዎች ግን ጥያቄ አነሡ፤ ከጥያቄዎቹም አንዱ ከአፍሪካ ሆስፒታሎች ይህን ያህል የተሟላ የኮምፒዩተር መዝገብ ከየት ተገኘ የሚል ነበር። መረጃውን የያዘው ኩባንያ ለማጣራት ፈቃደኛ ባለመሆኑ ሦስቱ ደራስያን ስማቸውን አውጥተው ጽሑፉ እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን ተሰረዘ። በኋላ መጽሔቱ ደንቡን አሻሽሎ ከአንድ በላይ ደራሲ ጥሬ መረጃውን አይቶ ማረጋገጡን እንዲገልጽ ጠየቀ።

በካርድ ክፍላችን የወረቀት ክምር ውስጥ የሠራ ሰው ጥያቄውን ለማንሣት የስታቲስቲክስ ዕውቀት አያስፈልገውም ነበር። የእኛ ዓይነቱ ድካም እዚህ ላይ ጠቃሚ ዕውቀት ነው።

በእኛ መካከል ያለው ጥፋት በመጠኑ ያነሰ ይሁን እንጂ በዓይነቱ ያው ነው። መረጃ ሰብሳቢ ሩቅ ቀበሌ ድረስ በእግሩ እንዲሄድ ተልኮ አበሉ ሲዘገይበት ወይም ዝናብ ሲይዘው ጥቂት መጠይቆችን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሞላል። ተቆጣጣሪው ቅጾቹ ያለ አንዳች ስርዝ ድልዝ ንጹሕ ሆነው ሲመጡለት ይደሰታል። ልምድ ያለው ሰው ግን በዚህ ይሠጋል፤ እውነተኛ መጠይቅ ጭቃ ይነካዋል፣ መልሱ ይሰረዛል፣ «አላስታውስም» ይበዛበታል። ከተሞሉት ቅጾች የተወሰኑትን መርጦ በዚያው ቤት ዳግም መጠየቅ በጣም ርካሹ መከላከያ ነው። መረጃ ሰብሳቢውን ከመውቀስ በፊት አበሉ በወቅቱ መከፈሉን ማረጋገጥም የዋናው ተመራማሪ ግዴታ ነው።

ምንጭና ቡርቃ

ቡርቃ በአፋን ኦሮሞ የውሃ ምንጭ ማለት ነው። በአማርኛ ምንጭ የሚለው ቃል ጽሑፍ ለተቀዳበትም ስለሚያገለግል ከቡርቃ ጃቶ ሆኖ ስለ ምንጭ አጠቃቀም መጻፍ ያመቻል።

የሌላውን ሰው ጽሑፍ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ብቻ ሳይሆን በሕግም ያስጠይቃል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ የሥራው ባለቤትነት እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በምርምር ጽሑፎቻችን የሚታየው ቅጂ ግን ብዙ ጊዜ ከተንኮል ሳይሆን ከቋንቋ ፍርሃት የሚመነጭ ነው። ተማሪው ሐሳቡ አለው፤ እንግሊዝኛው ያስፈራዋል፤ ስለዚህ ከእሱ በፊት በሌላ ከተማ ተመሳሳይ ጥናት የሠራውን ሰው መግቢያ ወስዶ የከተማውን ስም ይለውጣል። አንድ ጊዜ ባነበብኩት ረቂቅ ውስጥ ነቀምቴ ከጣና ሐይቅ ዳር ተቀምጣ አግኝቻታለሁ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ መልሶ ምንጩን አለመጥቀስም ያው ቅጂ ነው፤ ትርጉም ባለቤትነትን አያዛውርም። የራስን ጥናት ከፋፍሎ ሦስት ጊዜ ማሳተምም አንባቢን ያሳስታል፤ የአንድ ሆስፒታል ሕሙማን በሦስት ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ተቆጥረው በኋላ በሚደረገው የጥናቶች ድምር ውስጥ ይገባሉና።

የደረጃ ዕድገት የታተሙ ጽሑፎችን በመቁጠር ላይ በተመሠረተበት ቦታ ሁሉ ለዚህ ጥድፊያ የሚያመች ገበያ ይቆማል። በማለዳ የኢሜይል ሣጥናችንን ስንከፍት «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር፣ ጽሑፋችንን በአምስት ቀን ገምግሞ ለማሳተም ቃል የሚገባ ደብዳቤ የማያገኝ ማን አለ? ይህ ጸሐፊ ፕሮፌሰር የተባለው በእንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ብቻ ነው። እነዚህ መጽሔቶች ክፍያውን እንጂ ጽሑፉን አያነቡም። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የክፍት መጽሔቶች ማውጫ ውስጥ መኖሩን መመልከት፣ የአዘጋጆቹን ስምና ተቋም ማጣራት፣ ክፍያው አስቀድሞ በግልጽ መቀመጡን ማየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ታላላቅ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚላኩ ጽሑፎች ክፍያውን የሚተዉበት ወይም የሚቀንሱበት ሥርዓት እንዳላቸውም ብዙ ባልደረቦች ስለማያውቁ የወር ደመወዛቸውን ለማያነብ አሳታሚ ይልካሉ።

በትንሽ ከተማ ስምን መደበቅ

ከሁሉ የከበደኝን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት መጻፉ ስለሚያስቸግረኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ከተማ ሳገለግል አንዲት ታማሚ ያልተለመደ የማሕፀን በሽታ ይዛ መጣች፤ ታክማም ዳነች። እኛም የታማሚ ታሪክ የሚባለውን ዓይነት አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተን አሳተምን። ስሟን አልጻፍንም፤ ፎቶግራፏን አላወጣንም። ዕድሜዋን፣ ሥራዋን፣ የመጣችበትን ወረዳና የመጣችበትን ወር ግን ጽፈናል። እንደ ደንቡም የእርግዝና ታሪኳን ስንዘረዝር ከጋብቻዋ በፊት የነበረን አንድ እርግዝና አንሥተናል። ለሕክምና ተማሪ ይህ ተራ መስመር ነው። ከዓመት በኋላ ያቺ ሴት ተመልሳ መጣች፤ አሁን ያመጣት ሕመም አልነበረም። የጤና ሳይንስ ተማሪ የሆነ አንድ ዘመዷ ጽሑፉን አንብቦ አውቋት ነበር። ባሏ የማያውቀውን ነገር ለመጽሔት ማን እንደነገረ ጠየቀችኝ። ልታከም የፈረመችውን ወረቀት አውጥቼ ላሳያት እችል ነበር፤ አላወጣሁም፤ ምክንያቱም ለሕክምና መፍቀድ ለሕትመት መፍቀድ እንዳልሆነ ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

መመሪያዎቹ እዚህ ላይ የማያሻሙ ናቸው። ማንነትን የሚገልጽ ማናቸውም ነገር ለሳይንሱ አስፈላጊ ካልሆነ መውጣት የለበትም፤ አስፈላጊ ከሆነ ታማሚው በጽሑፍ መፍቀድ አለበት፤ ከመፍቀዱም በፊት የሚታተመውን ጽሑፍ ሊያየው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የታማሚ ታሪክ አጻጻፍ መመሪያም ፈቃዱ መገኘቱ እንዲገለጽ፣ ሲቻልም የታማሚው የራሱ አመለካከት እንዲካተት ይጠይቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት መሆኑ በአገራችን ሕግ ተደንግጓል።

መመሪያዎቹን የጻፉ ሰዎች ግን ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ የሚኖሩ ይመስለኛል። በለንደን «የ34 ዓመት መምህርት» ማለት ማንንም አይጠቁም። በጊምቢ፣ በነጆ ወይም በሻምቡ ግን ዕድሜና ሥራ ከተነገሩ የቀረውን ጎረቤት ይሞላዋል። ስለዚህ በእኛ አገር ስም መሰረዝ ብቻውን መደበቅ አይባልም። ዕድሜን በዐሥር ዓመት ክልል መጻፍ፣ ወረዳውን ትቶ «በምዕራብ ኢትዮጵያ» ማለት፣ ከበሽታው ጋር የማይገናኝ የቤተሰብ ታሪክን መተው ያስፈልጋል። እውነቱን አዛብቶ ሌላ ዕድሜ ወይም ሌላ ሥራ መጻፍ ግን አይፈቀድም፤ መቀነስ እንጂ መፍጠር የለም።

ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። የዝሆኔ በሽታ በወለጋ የታወቀ ሲሆን፣ በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣውን ዓይነት በ2.8 በመቶው ሕዝብ ላይ አግኝቶታል። ሕሙማኑ ከሠርግና ከለቅሶ ሳይቀር የሚሸሹበት በሽታ ነው። «ፊቱ አይታይም» ብለን የምናነሣው እግር በመንደሩ ዘንድ ከፊት ይበልጥ የሚታወቅ ሊሆን ይችላል። በዚሁ በሽታ ላይ በወላይታ የተሠራ ጥናት አርአያ የሚሆን ነው፤ ተመራማሪዎቹ የፈቃድ ቅጹን ከመጻፋቸው በፊት ሕዝቡ ስለ ምርምር ምን እንደሚያስብና ፈቃድን እንዴት ቢጠየቅ እንደሚሻል አስቀድመው ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። በየቴሌግራም ቡድኑ ምክር ለመጠየቅ ብለን የምንልካቸው የቁስል ፎቶግራፎች ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚወጣው ነው።

ቋንቋውም አብሮ መታሰብ አለበት። በነቀምቴ ለምትታከም እናት የፈቃድ ቅጹ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በቃል ተተርጉሞ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ቢባል ፈቃድ ተገኘ አይባልም። ቅጹ በአፋን ኦሮሞ መጻፍ፣ ሌላ ሰውም ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ በትክክል መተርጎሙን ማመሳከር ይኖርበታል። «ሕትመት» የሚለውን ቃል ማስረዳት ከባድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በመጨረሻ የሚጠቅመው መጽሔቱን በእጅ ይዞ ማሳየትና «ዘመድሽም ሆነ የማያውቅሽ ሰው ይህን ሊያነብ ይችላል» ማለት ነው። ይህን ሰምተው እምቢ ያሉኝ አሉ። አላሳተምንም።

የቡርቃ ጃቶው ምሽት

ወደ ጀመርኩት ጉዳይ ልመለስ። ያን ምሽት ከክርክር በኋላ ዘጠኙን ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን በእያንዳንዱ አንጻር የሠራውን ሥራ ለመሙላት ተስማማን። ከሦስት ስሞች አንጻር ያለው ቦታ ባዶ ቀረ። ባዶውን ቦታ ለባለቤቶቹ የሚያሳየው ሰው ማን ይሁን የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ሆነ፤ ዕጣውም በዕድሜ አነስተኛ በሆንኩት በእኔ ላይ ወደቀ። ከሦስቱ ሁለቱ በምስጋናው ክፍል መጠቀሱ እንደሚበቃቸው ነገሩኝ፤ እንዲያውም አንደኛው ስማቸው መግባቱን አያውቁም ነበር። ሦስተኛው ተቀየሙ፤ እስከ ዛሬም ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው።

ሲስተርን በማግስቱ ጠርተን ረቂቁን ሰጠናት፤ እንደ መስፈርቱ አንብባ እንድታርምና ከተስማማች ስሟ እንዲገባ ነገርናት። በአራተኛው ቀን መልሳ ስታመጣው ሁለተኛውን ሰንጠረዥ በእርሳስ ከብባዋለች። ካርዶቹ የተጻፉት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ እኛ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስንመልስ የጳጉሜን ወሊዶች ከየትኛውም ወር ሳይገቡ ቀርተዋል። ስድስት ሐኪሞች በአንድ ሰዓት ውስጥ መርምረን ያጸደቅነው ሰንጠረዥ ነበር።

ትንታኔውን እንደገና ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ጽሑፉ በሰባት ደራስያን ስም ተልኮ አሁን በገምጋሚዎች እጅ ይገኛል፤ ሲስተር በሁለተኛነት ተጽፋለች። የቀጣዩን ጥናት ንድፍ ለገምጋሚ ኮሚቴ ስናቀርብ ማን ምን እንደሚሠራ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍና ቅሬታ ቢነሣ ለማን እንደሚቀርብ የሚገልጽ አንድ ገጽ አያይዘንበታል። ኮሚቴው ገጹን እንዳልጠየቀ ገልጾ ቢመልስልንም፣ ሁላችንም ፈርመንበት ከካርድ ክፍሉ መዝገብ ጋር አስቀምጠነዋል።